ማርሴይ፦ የት እንደር? የት እንብላ?

እናቴን ደቡብ ፈረንሳይ ማርሴይ የወሰድኳት ጊዜ ማደሪያውን የመረጥኩት በፎቶ ነበር። ፎቶው ላይ ሰማያዊ የመስኮት መዝጊያ አለ። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ አለ። ራቅ ብሎ ባሕሩ ይታያል። የማይታየው ደረጃው ነው። ከሜትሮ ወጥተን ሻንጣ እየጎተትን ሽቅብ ተያያዝነው። መንገዱ ራሱ ደረጃ ነው። በሩ ላይ ስንደርስ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ሆኖ አረፈው፤ ሊፍት የለም። አከራዩ ስልክ አያነሳም። እማዬ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆም አለችና ነጠላዋን አስተካክላ፣ «አንተ ልጅ፣ እንጦጦ ነው እንዴ ያመጣኸኝ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። የምኖረው ሊዮን ስለሆነ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከፓሪስ ለሚመጣ ደግሞ ከሦስት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። አንዴ ከጓደኞቼ ጋር፣ አንዴ ለሥራ፣ አንዴ ደግሞ ብቻዬን ነበርኩ። በየጊዜው ሌላ ሰፈር አድሬያለሁ። ሰው በጠየቀኝ ቁጥር የምለው አንድ ነገር ነው፦ ማርሴይ ውስጥ የምታድሩበትንና የምትበሉበትን ሰፈር ለየብቻ ምረጡ። ለእንቅልፍ ሜዳውንና ሜትሮውን፣ ለሆዳችሁ ገበያውንና የባሕሩን ዳርቻ። ሁለቱንም አንድ ቦታ ልጨርስ ያለ ሰው ወይ እግሩ ወይ ኪሱ ይጎዳል።

መጀመሪያ ስለ አደራረሱ። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ውጭ ማሪኛን የሚባል ቦታ ነው። ከዚያ የሚነሳው አውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅና ሴን ሻርል ባቡር ጣቢያ ያወርዳችኋል። ጣቢያው ጉብታ ላይ ነው። ከፊቱ 104 ደረጃ ያለው ትልቅ መውረጃ አለ። ለፎቶ የሚያህለው የለም፣ ለሻንጣ ግን ጠላት ነው። ሜትሮው ከሥሩ ስለሚያልፍ በዚያው ግቡ። የሜትሮው መስመር ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ሴን ሻርልና ካስቴላን ላይ ነው። ካስቴላን የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሮጌው ወደብ ወይስ ፓኒዬ?

ብዙ ሰው የሚወዛገበው በእነዚህ ሁለቱ ነው። በእግር የአምስት ደቂቃ ልዩነት ቢኖራቸው ነው። ግን አንዱ ሜዳ፣ አንዱ ዳገት።

አሮጌው ወደብ፣ እነሱ ቪዩ ፖር የሚሉት፣ የከተማው እምብርት ነው። ከሴን ሻርል በሜትሮ ሁለት ፌርማታ። ጠዋት ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን አስጠግተው ያጠመዱትን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ። ኮርኒሽ ወደሚባለው የባሕር ዳር መንገድ የሚሄደው 83 ቁጥር አውቶቡስም፣ ኮረብታው ላይ ወዳለችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን የሚወጣው 60 ቁጥርም የሚነሱት ከዚሁ ነው። ማርሴዮች ቤተ ክርስቲያኗን «ቦን ሜር» ይሏታል፣ ደጓ እናት እንደማለት። በወርቅ የተለበጠው የእመቤታችን ሐውልት ከየትም ስለሚታይ መንገድ የጠፋው ሰው ቀና ብሎ እሱን ይፈልጋል።

ችግሩ ዋጋውና ጫጫታው ነው። ወደቡን የሚያይ ክፍልና ጓሮውን የሚያይ ክፍል በአንድ ሆቴል ውስጥ ዋጋቸው አይገናኝም። እኔን ከጠየቃችሁኝ የጓሮውን ያዙ። ወደቡን በነፃ ወርዳችሁ ታዩታላችሁ። ሌሊት ደግሞ የሞተር ብስክሌቱን ድምፅ ከእናንተ ይልቅ ፊት ለፊት ያለው ሰውዬ ይስማው። የከተማው ቡድን ያሸነፈ ለትማ ጥሩንባው እስኪነጋ ነው።

ፓኒዬ ከወደቡ ሰሜን በኩል ያለው ጉብታ ነው። ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት 600 ዓመት ገደማ መጥተው የሰፈሩት እዚህ ነው፤ ከተማው የጀመረው ከዚህ ነው ማለት ነው። ጠባብ ነው፣ ያምራል፣ ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ጀርመኖች የታችኛውን ክፍል ነዋሪውን አስወጥተው በፈንጂ አፈረሱት። ስለዚህ በዚህ በኩል ወደቡ ዳር የምታዩት አብዛኛው ሕንፃ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው። ላይኛው ግን የጥንቱ እንደቆመ ነው። ሊፍት የሚባል ነገር የማይጠበቀውም ለዚህ ነው። እዚያ አፓርታማ የምትከራዩ ከሆነ ከክፍያ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ስንተኛ ፎቅ ነው? ከሜትሮው እስከ በሩ ስንት ደረጃ አለ? «ጥቂት ደረጃ» የሚል መልስ ከመጣ ዝለሉት። እኔም የተመለሰልኝ እንደዚያው ነበር።

በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ካላችሁና አንድ ቦርሳ ብቻ ከያዛችሁ ግን ፓኒዬ እደሩ። ማለዳ ቱሪስቱ ሳይመጣ ሰፈሩ የእናንተ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ከሰዓት በኋላ ወጥቶ አይቶት ይውረድ። ቪዬይ ሻሪቴ የሚባለውን የ17ኛው ክፍለ ዘመን የድሆች መጠለያ፣ አሁን ሙዚየም የሆነውን፣ እንዳታልፉት። መሐሉ ያለው ግቢ ጸጥታው ገዳም ይመስላል።

በነገራችን ላይ ገንዘብ የማይቸግረው ሰው በሁለቱ ሰፈሮች ወሰን ላይ ኢንተርኮንቲኔንታል አለለት። ድሮ ኦቴል ዲዩ የተባለ የከተማው ሆስፒታል ነበር፣ ሆቴል የሆነው በ2013 ነው። እኔ ያደርኩበት በሐሳቤ ብቻ ነው። በረንዳው ላይ አንድ ቡና ጠጥቻለሁ፤ ዕይታው ያው ነው፣ ዋጋው የቡና ነው።

ኖዋይና ኩር ዡልየን

ኖዋይ ከሴን ሻርል አንድ ፌርማታ ነው። መርካቶን በትንሹ አስቡት። የሰሜን አፍሪካ ቅመም፣ የኮሞሮስ ሴቶች፣ የወይራ በርሜል፣ «ማርልቦሮ፣ ማርልቦሮ» እያሉ የሚያንሾካሹኩ ጎረምሶች። ለመብላት ከከተማው ሁሉ የምወደው ሰፈር ነው። ለማደር ግን ዋጋው ቢያጓጓም አልመክርም። ቤቶቹ ያረጁ ናቸው። በኅዳር 2018 ሩ ዶባኝ በሚባለው መንገድ ሕንፃዎች ተደርምሰው ስምንት ሰው ሞቷል። ከዚያ በኋላ በከተማው ብዙ ሰው አደጋ አለባቸው ከተባሉ ቤቶች እንዲወጣ ተደርጓል። ሁሉም ቤት እንዲያ ነው አልልም። ግን ለሁለት ሌሊት ብዬ ስንጥቅ አልቆጥርም።

ኩር ዡልየን ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ግራፊቲ፣ ሙዚቃ ቤት፣ ቢራ። ማምሸት ለሚወድ ሰው አሪፍ ነው። እንቅልፍ ለሚወድ ሰው ሌላ ሰፈር አለ።

ዦልየት ወይስ ካስቴላን?

ከሁለት ሌሊት በላይ ለምትቆዩ ትክክለኛው ምርጫ በእነዚህ መሐል ነው።

ዦልየት አዲሱ ወደብ ነው። ወደ ኮርሲካ፣ ወደ አልጀርስና ወደ ቱኒስ የሚሄዱት መርከቦች የሚነሱት ከዚህ ነው። ድሮ በኤደንና በጅቡቲ በኩል ለሚያልፉት የፈረንሳይ መርከቦች መነሻውም መድረሻውም ይኸው ወደብ ነበር። ብዙ የሀገራችን የድሮ መንገደኛ ከአውሮፓ መጀመሪያ የረገጠው ማርሴይን ነው። አሁን አካባቢው ታድሶ መስታወት በመስታወት ሆኗል። ትልልቅ የሆቴል ድርጅቶች በሙሉ አሉ፤ ክፍሉ ንጹህ፣ ሊፍቱ የሚሠራ፣ ቁርሱ እንደ የትም ሀገር ቁርስ። ባሕሩን የሚያይ ትልቅ የገበያ አዳራሽም አለ። ልጆች ይዞ ለሚመጣ ወይም ጠዋት መርከብ ለሚይዝ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ግን ቢሮው ሲዘጋ ሰፈሩም አብሮ ይዘጋል። ለሥራ ሄጄ ያደርኩት እዚህ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ራት ፍለጋ ወጥቼ ያገኘሁት የራሴን ጥላ ነው።

ካስቴላን ከወደቡ በሜትሮ ሁለት ፌርማታ፣ ከሴን ሻርል ሦስት። ሁለቱም መስመር ያልፍበታል። መሬቱ ሜዳ ነው። አደባባዩ ላይ ፏፏቴ አለ፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ዛፍ የተተከለበት ሰፊው የፕራዶ ጎዳና ይጀምራል። ከእሑድ በስተቀር ጠዋት ጠዋት ገበያ ይቆማል። የሚያድረው የከተማው ሰው ነው፣ ቱሪስት ጥቂት ነው። ስለዚህ ዳቦ ቤቱም ካፌውም ዋጋው የነዋሪ ነው። የመጨረሻው ጉዞዬ ላይ እዚህ አካባቢ ነው ያረፍኩት፤ ከወደቡ ዳር ከከፈልኩት በአንድ ሌሊት ሠላሳ ዩሮ ያህል ተርፎልኛል። ባሕር ከመስኮት አይታይም። እኔ ግን ከመስኮት ባሕር ያየሁበት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ አላየሁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከፕራዶ ጎዳና አልፎ የቬሎድሮም ስታዲየም አለ። ከ67,000 ሰው በላይ ይይዛል። ቀን ከመያዛችሁ በፊት የጨዋታ ፕሮግራም እዩ፤ ጨዋታ ካለ ሜትሮው አይቀመስም፣ የሆቴሉ ዋጋም ይወጣል።

ከስታዲየሙ ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ የሥነ ሕንፃ ወዳጆች የሚሳለሙት ሕንፃ አለ። ሲቴ ራድዩዝ ይባላል፤ ለ ኮርቡዚዬ የነደፈውና በ1952 ያለቀው ባለ 337 መኖሪያ ትልቅ ሕንፃ ነው። በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። የሰፈሩ ሰው በወቅቱ «የእብዱ ቤት» ብሎት ነበር። በውስጡ ትንሽ ሆቴል አለ። አነስተኞቹ ክፍሎች እንደ መርከብ ክፍል ጠባብ ናቸው። ለአንድ ሌሊት ልምድ ነው፣ ለቤተሰብ ግን አይሆንም።

ካስቴላን ካደራችሁ አንድ ፌርማታ ብቻ ሂዱና ቤይ ላይ ውረዱ። ኮንሴፕስዮን የሚባለው ሆስፒታል እዚያ ነው። ሐረር ይነግድ የነበረው ባለቅኔው አርተር ራምቦ እግሩ ታሞ ከሐረር በቃሬዛ ወርዶ፣ እዚህ እግሩ ተቆርጦ፣ ኅዳር 1891 እዚሁ ሞተ። የመታሰቢያ ጽሑፍ አለው። የሐረር ልጅ ከሆናችሁ ለአምስት ደቂቃ ቆሙለት።

በመጨረሻም ራሱ ሴን ሻርል። ማለዳ ባቡር ወይም አውሮፕላን ካላችሁ ለአንድ ሌሊት ይበቃል። የጃፓኑ ቶዮኮ ኢን እዚያ አለ፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ቁርሱ ግን ከዋጋው ጋር ነው። ከዚያ በላይ ለመቆየት ምክንያት የለኝም። የትም እደሩ የት፣ በየሌሊቱ በየሰዉ የሚከፈል የከተማ ግብር እንዳለ አትርሱ። ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ካያችሁት ዋጋ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ሆድ

ማርሴይ የሄደ ሁሉ የሚጠየቀው «ቡያቤስ በላህ?» ተብሎ ነው። ቡያቤስ የዓሣ ሾርባ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ግን ስሙ ሳይቀር «ሲፈላ እሳቱን ዝቅ አድርግ» ከሚል የመጣ ነው ይላሉ። መጀመሪያ ዓሣ አጥማጆች ገዢ ያጡበትን እሾሃም ዓሣ የሚቀቅሉበት የድሃ ምግብ ነበር። ዛሬ በደህና ቤት ለአንድ ሰው 70 ዩሮና ከዚያም በላይ ነው። የድሃ ምግብ እንዲህ ሲከብር ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የቆጮንና የክትፎን ዋጋ አስቡት።

ታዲያ ያዋጣል? ወደቡ ዳር በሃያ ምናምን ዩሮ «ቡያቤስ» የሚል ሰሌዳ የሚያወጡ ቤቶች አሉ። ከእነዚያ አንዱ ቤት እኔም በልቻለሁ። የመጣልኝ ብርቱካናማ ውኃ ላይ የተንሳፈፉ ሙሰል የሚባሉ ሁለት ዛጎላም የባሕር እንስሳትና አንድ የቀዘቀዘ ቁራጭ ዓሣ ነው። ትክክለኛውን ለመለየት የ1980ው የምግብ ቤቶቹ ስምምነት ይረዳል። ከተዘረዘሩት የዓሣ ዓይነቶች ቢያንስ አራቱ መኖር አለባቸው፣ ዓሣው ከመቆረጡ በፊት ለበላተኛው ይታያል፣ እዚያው ፊቱ ይበለታል። መጀመሪያ መረቁ ይመጣል፤ በደረቀ ዳቦና ሩይ በሚባል ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ባለበት ማባያ። ዓሣው ኋላ ይከተላል። ይህን የማያደርግ ቤት ዋጋው ምንም ቢሆን ውድ ነው።

ለዚህ ሁለት ቤት ይወዳደራሉ። ሚራማር ወደቡ ዳር ነው፣ ሼ ፎንፎን ደግሞ ቫሎን ዴዞፍ የሚባለው ትንሽ የጀልባ ወሽመጥ ላይ። በዋጋ ብዙ አይራራቁም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በ83 አውቶቡስ ኮርኒሹን ይዛችሁ ትሄዱና ከድልድዩ ሥር በደረጃ ትወርዳላችሁ። ከተማ ውስጥ መሆናችሁ ይረሳችኋል። ቀድሞ መያዝ ግዴታ ነው። የሚጾም ሰው ደግሞ ይወቅ፦ ዓሣ ብትበሉ እንኳ ሩይ ውስጥ የእንቁላል አስኳል ይገባል። «ያለ ሩይ» ማለት ይቻላል፤ አስተናጋጁ ፊቱን ቢያጠቁርም ያመጣል።

70 ዩሮ ለሾርባ አልከፍልም የሚል ሰው አይሳሳትም። በዚያ ገንዘብ ኖዋይ ላይ አራት ቀን ይበላል። ሩ ዶባኝ ላይ ሼ ያሲን የሚባል የቱኒዝያ ምግብ ቤት አለ፣ ለብላቢ በሚባል ምግቡ ይነሳል፦ ሽምብራ፣ ከሙን፣ ሐሪሳ፣ የወይራ ዘይት፣ ከሥሩ የተፈተፈተ ዳቦ። ፍትፍት ነው ወንድሞቼ፣ ሌላ ስም የለውም! እንቁላልና ቱና ይቅር ካላችሁ የጾም ይሆናል። ሙስሊም ወዳጆቼም እዚህ ሰፈር ስለ ሥጋው ብዙ አይጨነቁም፣ ሐላል በየበሩ ነው። ወረድ ብሎ ደግሞ ፌሚና አለ፤ የአልጄሪያ ካቢሎች ምግብ ቤት ነው፣ ኩስኩሱን በገብስ ይሠራል። የገብስን ሽታ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

ፒሳ ማርሴይ ውስጥ የጣልያን ምግብ አይደለም፣ የራሳቸው ነው። ግማሹን አንቾቪ የሚባል ጨዋማ ትንሽ ዓሣ፣ ግማሹ አይብ አድርገው «ምዋትዬ ምዋትዬ» ይሉታል። በቀጭኑ፣ በእንጨት እሳት የተጋገረ። ፓኒዬ ውስጥ ያለው ሼ ኤቲየን ስሙ የገነነ ነው፤ ወረፋው ካሰለቻችሁ በየሰፈሩ የሚቆሙት የፒሳ መኪኖችም አያሳፍሩም።

አፓርታማ ለተከራየ ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ሌላ ነው። ጠዋት ወደቡ ላይ ዓሣ ግዙ። እኔ ሴትየዋ ጋ ቆሜ በእጄ ሳሳያት ቢላዋዋን አንስታ ቅርፊቱን ጠረገችው፣ አንጀቱን አውጥታ ሲጋል ለሚባለው የባሕር ወፍ ወረወረችው፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ሲጋሉ መሬት ሳይነካ ቀለበው። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ይዤ ስለነበር ካስቴላን ቤቴ ጠበስኩት። መስኮት ክፈቱ ብቻ።

ለመጠጡ ፓስቲስ አላቸው። ኡዞ የጠጣ ሰው ያውቀዋል፤ አኒስ ነው፣ ውኃ ሲነካው ነጭ ይሆናል። 45 በመቶ ስለሆነ አንድ እጅ ፓስቲስ በአምስት እጅ ውኃ ነው ሕጉ። ውኃውን አትቆጥቡ። ምግብ ቤት ውስጥ ደግሞ «ካራፍ ዶ» በሉ፤ የቧንቧ ውኃ በነፃ ይመጣል፣ ጠርሙስ አትግዙ።

ሰዓቱን አክብሩ። ምሳ በእነሱ አቆጣጠር ከ12 እስከ 2 ሰዓት ነው። እንደ ልማዳችን ዘግይቶ የገባ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል ይባላል። እሑድና ሰኞ የሚዘጋም ብዙ ነው።

ጣፋጭ ለሚወድ፣ ከሴን ቪክቶር ገዳም አጠገብ በ1781 የተከፈተ ዳቦ ቤት አለ፤ ናቬት የሚባል የጀልባ ቅርጽ ያለው የብርቱካን አበባ ብስኩት ይጋግራል። ድንጋይ ነው። ሻይ ውስጥ ንከሩት። በፈረንጆች የካቲት 2፣ ጌታ ቤተ መቅደስ የገባበትን በዓል ሲያከብሩ፣ ጳጳሱ መጥቶ ምድጃውን ይባርካል።

ያን የደረጃ ሌሊት ያሳለፍን ማግስት እማዬን ልክሳት ብዬ በጀልባ ሌስታክ ወሰድኳት። በሞቃቱ ወራት ከአሮጌው ወደብ ጀልባ አለ፤ በሌላ ጊዜ ከዦልየት 35 ቁጥር አውቶቡስ ይሄዳል። ወደቡ ዳር ትንንሽ ኪዮስኮች አሉ፣ ፓኒስ ይጠብሳሉ። የሽምብራ ዱቄት ተገንፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ በክብ በክቡ ተቆርጦ በዘይት ይጠበሳል። በወረቀት ጠቅልለው፣ ጨው ነስንሰው ይሰጣሉ። ዋጋው ሳንቲም ቢባል ይቀላል። ዕለቱ ዓርብ ነበር፣ ስለዚህ ሌላ የሚበላ አልነበራትም። አንዱን በጥርሷ ቆረጠች፣ አላመጠች፣ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው።

«ይቺማ የሽምብራ ዓሣ ናት» አለች። «ወጡን ረስተውት ነው እንጂ።»